ቢጫ ክዳን የተሰቀለባቸው ግቢዎች

የወንድሜ የዳኜ እንጀራ ዝንብ መቁጠር ነበር። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። እኛም ስቀናል። ሽሮ ሜዳ ነጠላ ስሸጥ ከጎኔ የሚቀመጡት ሴቶች፣ "አጸደ፣ ወንድምሽ ዛሬ ስንት ቆጠረ?" እያሉ ቀኑን ይገፉብኝ ነበር። እኔም መልስ አላጣም፤ "ከናንተ ቤት የሚወጣውን ልቁጠር ካለማ ጡረታው ይደርሳል" እላቸዋለሁ። ሰው እንደ ከብት እየተቆጠረ በሚታጎርበት በደርግ ዘመን፣ ዝንብ መቁጠር ከነገር የራቀ ሥራ መስሎኝ ነበር። ዝንብ በመቁጠር የታሰረ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

አባታችን ሸማኔ ነበር። ከጋሞ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ላይ ቤት ቀልሶ፣ እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ዕድሜውን እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ጨረሰ። ዳኜንም አጠገቡ ሊያስቀምጠው ሲያስብ ልጁ ትምህርት ወደደ። ሄዶ ስለ እርሻ ተማረና ሲመለስ ሥራም ይዞ መጣ፣ ሌላ ሃይማኖትም ይዞ መጣ። አባቴ ሥራውን ወደደለት። ሌላውን ሲሰማ ግን፣ "ቁስቋም ማርያም ደጅ ያደገ ልጅ እንዴት ጴንጤ ይሆናል?" ብሎ ስንት ቀን መወርወሪያውን ሳይነካ ቆየ። እኔም ማዕተቡን መፍታቱን ሳይ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ ብዬው ነበር። ቁጣዬ እንደ ገለባ እሳት ነውና በሳምንቱ ራሴ ሄጄ ምሳ ብላ ብዬ ጠራሁት። አንድ ወንድም ነው ያለኝ፤ ምን ላድርግ?

ለጉለሌ ሰው ስለ ኮክ ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከሽሮ ሜዳ እስከ ቁስቋም ሽቅብ ስትወጣ አንድ ሁለት የኮክ ዛፍ የሌለበት ግቢ አይገኝም። ክረምት ሲገባ ይበስላል፤ ሲበስል ደግሞ ግማሹ ውስጡ ትል ነው። እኛ ትሉን ዝናቡ ያመጣው ነበር የሚመስለን። ከቤት ዝንብ የምታንስ፣ ክንፏ ዝንጉርጉር የሆነች ዝንብ መኖሯን ያወቅነው ከዳኜ ነው። ፍሬው መለስለስ ሲጀምር ልጣጩን ወግታ እንቁላሏን ትከታለች፤ እኛ ዓይናችንን ጨፍነን የምንውጠው ትል የሷ ልጅ ነው። መንግሥት ደግሞ ቆላ ውስጥ ሰፋፊ የብርቱካን እርሻ ስለነበረው፣ ዝንቧ ከከተማ በኮክ ቅርጫት ተጭና እንዳትደርስበት ይፈራል። ከሷም በላይ የሚያስፈራው ከውጭ አገር የሚገባው፣ እዚህ ታይቶ የማያውቀው ዓይነት ነው። ዳኜ "መጤ ተባይ" ይለዋል። እንዲህ ያለው ነገር ከገባ መጀመሪያ የሚያርፈው የከተማ ሰው ዛፍ ላይ ነውና፣ በየግቢው ወጥመድ ሰቅሎ፣ በየሳምንቱ እየዞረ፣ የወደቀውን መለየትና መቁጠር የሱ ሥራ ሆነ።

ወጥመዱ ያው የማርማላታ ጠርሙስ ነው። ወገቡ ላይ ዝንቧ የምትገባበት ቀዳዳ ያበጅለታል፤ ውስጡ የሚሸታት ነገር ይጨምርና በሽቦ ቅርንጫፍ ላይ ያንጠለጥለዋል። የሚሸታት ነገር ከኔ ነበር የሚመጣው። ለማርያም ማኅበርም ለገበያም ጠላ ስለምጠምቅ አተላ አላጣም።

"እትዬ፣ አተላ አለሽ?" ይለኛል ከበር ሆኖ።

"ጠላዬን አትቀምስ፣ አተላዬን ትለምናለህ!"

"ለዝንቧ ነው።"

"ዝንቧስ የኛ ሃይማኖት ናት ማለት ነው?"

ይስቃል። ዳኜ ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚናጠው። በጣሳ አተላውን ይዞ ሲወርድ የመንደሩ ሰው፣ "ጴንጤው ጠላ ጀመረ" ብሎ ያማዋል። እሱ ሰው ስላማው ግድ የለውም ነበር፤ እኔ ነበርኩ ለሁለታችን የምናደደው።

መሥሪያ ቤቱ ጠርሙሱን በሰፈሩ ሁሉ እኩል በትነህ ስቀል ብሎታል። መሥሪያ ቤቱ ጉለሌን የሚያውቀው በካርታ ነው። ዳኜ ግን በር ማንኳኳት ነበረበት። እማማ ፀሐዬ ጠርሙሱን ገና ከሩቅ ሲያዩ፣ "ደፍርሶ የተቀመጠ ነገር ከዛፌ ላይ አንጠልጥለህ ምን ልታስደግምብኝ ነው?" ብለው አማተቡ። አቶ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉት፣ የሚያከራዩት ቤት የተወረሰባቸው ሰውዬ ደግሞ፣ "ቤቴን ወሰዳችሁ፤ አሁን ኮኬን ልትመዘግቡ መጣችሁ?" ብለው በሩን ፊቱ ላይ ዘጉት። ሌላውም የጴንጤ እጅ ዛፌን አይነካም አለ። የቀረው ደግሞ ከመንግሥት የመጣ ነገር ሁሉ መጨረሻው እንደማያምር ስለሚያውቅ፣ "ባለቤቱ የለም" ይለዋል፣ ባለቤቱ ራሱ በሩን ይዞ ቆሞ።

ዳኜ ለምኖ ለምኖ ሲሰለቸው ወደሚከፈትለት ሄደ። የሚከፈትለት የማን በር ነው? አብረውት የሚጸልዩት ሰዎች በር ነዋ። የገለታ ግቢ፣ የእትዬ ሳቢት ግቢ፣ የእገሌ፣ የእገሊት። እኔም እህቱ ስለሆንኩ አንድ ተሰቀለልኝ። ለአለቃው፣ "ጠርሙሱ በደንብ አልተበተነም" ብሎ ነግሮት ነበር። አለቃው ቁጥሩ ከሞላ ይበቃል አለው። እሱም አመነው፤ ለዝንቧ ብሎ ከሆነ እውነትም ይበቃ ይሆናል።

ክዳኑን ቢጫ ቀባው። ዝንቧ ቢጫ ስታይ የምትመጣ ዓይነት ናት አለኝ። ከአጥር በላይ፣ ከቅጠሉ መሀል ቢጫው ብቅ ብሎ ከመንገድ ይታያል። እንዲያውም ያምር ነበር።

በስድሳ ስድስት አብዮቱ ሲፈነዳ እኩልነት መጣ ብለው እነ ዳኜ ከኛ በላይ ደስ ብሏቸው ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት የጸሎት ቤታቸው ታሸገና የቀበሌ እህል ማከማቻ ሆነ። "መጤ ሃይማኖት" የሚለው ነገር በስብሰባ ላይ መነገር ጀመረ። ያኔ በየቤቱ ተደብቀው መሰብሰብ ያዙ፤ መሰብሰቢያቸውም ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እትዬ ሳቢት ቤት ሆነ። እትዬ ሳቢት ዓይናቸው የደከመ፣ ወገባቸው የጎበጠ አሮጊት ናቸው። ሽሮ ሜዳ ላይ ሴቶች ጥጥ ለመፍተል አንድ ቤት ቢሰበሰቡ ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ ስለዚህ ሁሉም እንዝርቱን ይዞ ይመጣል። ወንዶቹ ድርና ማግ ሊወስዱ የመጡ መስለው ይገባሉ። እንዝርቱ ይሾራል፣ መዝሙሩ ከጉሮሮ አይወጣም። የዳኜ ሚስት የሺሀረግ ያኔ ፈትላ ያመጣችልኝን ክር ሸጫለሁ፤ እንዲህ የቀጠነ ክር ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የሺሀረግን ከማግባቱ በፊት ይህ ልጅ እንዲሁ መንኖ ሊቀር ነው ብዬ ነበር። እሷ መጣችና ቤቱ ቤት ሆነ። ዳኜ ከዚያ ጉባኤ ሌላ ወዳጅ አልነበረውም። አባታችን አኩርፎት ሞቷል፤ ዘመድ ሸሽቶታል፤ እኔም ብሆን ስወደው እየተሳደብኩ ነው። ወንድሞችና እህቶች የሚላቸው እነሱን ነበር። ሰላምታቸው፣ ለቅሷቸው፣ ቀብራቸው፣ ሁሉ አብረው ነው። እነሱን ካጣ የሚገባበት እንደሌለው እኔም አውቅ ነበር፣ እሱም ያውቅ ነበር።

በሰባ አምስት ክረምት፣ ፍልሰታ ተይዞ፣ አንድ ሐሙስ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳለ አብዮት ጠባቂዎች ገቡ። የፊተኛው ጌጡ ነው። ጌጡን ሽሮ ሜዳ ላይ ጥቅሌን ሲሸከምልኝ ነው የማውቀው። ጠመንጃ ከያዘ ወዲህ አንገቱ ረዝሟል።

"እትዬ አጸደ፣ ፍተሻ ነው" አለኝ።

"ምን ጠፋብህ?"

"መጽሐፍ።"

አልጋዬን ገለበጡ፣ ሳጥኔን በረበሩ፣ ለገበያ ያጠፍኩትን ነጠላ መሬት ላይ ዘረገፉት። ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ ጓዳ የጠላ ጋን አለ። ጌጡ ሥዕሉን አየ፣ ጋኑን አየ፣ እኔን አየና ግራ ገባው።

"አንቺ ጴንጤ አይደለሽም እንዴ?"

"አፍህ ይቆረጥ! ፍልሰታን በጾም የማሳልፍ ሰው ነኝ። ማነው ቤቴን ያሳየህ?"

ጌጡ በመስኮቱ ወደ ኮኩ ዛፍ ጠቆመኝ። "ያ ምንድነው ታዲያ? ቢጫ ክዳን ያለበት ቤት ሁሉ የነሱ ቤት ነው። አንድ በአንድ አረጋግጠናል። ምልክታቸው ነው።"

ከዚያ በፊት ምንም ያልታየኝ ሴትዮ፣ ያን ጊዜ ሁሉም በአንዴ ታየኝ። ጌጡ ይቅርታ እንኳ ሳይለኝ፣ "ዛሬ ጨርሰን እንለቅማቸዋለን" ብሎ ሰዎቹን ይዞ ወጣ። እኔም ነጠላዬን እንኳ ሳላነሳ ወደ ዳኜ ቤት በረርኩ።

ዳኜን ያን ሐሙስ ሥራ አስቀርቶት ግቢው ውስጥ ጠርሙስ እያጠበ ነበር።

"የማን የማን ቤት ነው የሰቀልከው?" አልኩት ትንፋሼን ሳልሰበስብ።

"ምን ሆነሻል እትዬ? አረፍ በይ።"

"ስማቸውን ጥራልኝ ብዬሃለሁ!"

መጥራት ጀመረ። ገለታ አለ። እትዬ ሳቢት አለ። ሦስተኛውን ጠራ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ተከፍቶ ቀረ። ጠርሙሱ ከእጁ ወደ ባልዲው ሰመጠ።

"ሌሎቹ እኮ በር አልከፈቱልኝም" አለኝ፣ የከሰስኩት እኔ ይመስል። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "የሺሀረግ እዚያ ናት" አለ።

ሮጥን። ዝናቡ ዳገቱን አላቁጦት ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ስንደርስ እያወጧቸው ነበር። እንዝርታቸውን እንደያዙ ሴቶቹ ተሰልፈዋል፤ የሺሀረግ መሀል ናት፤ ጥጧ ጭቃ ላይ ተበትኗል። ገለታ ከንፈሩ ደምቷል። ዳኜ ቢመለስ ያየው ሰው አልነበረም። በሕይወቴ የመጀመሪያና የመጨረሻ ጊዜ እጁን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩት። እጁን አስለቅቆኝ ቀጥ ብሎ ጌጡ ፊት ቆመና፣ "ጠርሙሱን የሰቀልኩት እኔ ነኝ" አለው።

ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛ ወስዶ አሰራቸው። በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዤ ደጃፉ ላይ እሰለፋለሁ፤ ባዶው ሲመለስ በሕይወት አለ ብዬ እሄዳለሁ። ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የነገረኝ፤ እሱንም አውጣጥቼው ነው።

መርማሪው ወጣት ነበር። ስለ ዝንቧ ሲነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ውስጥ እግሩን አስገረፈው። ዳኜ ዝንብ ነው ማለቱን አልተወም። በሦስተኛው ቀን መርማሪው መሥሪያ ቤቱን አስጠየቀና እውነትም ዝንብ ቆጣሪ መሆኑን ሰማ። ይህ ያስፈታዋል ስትል የባሰው መጣ። "እሺ፣ ዝንብ ነው። ዝንብ የሌለበት ግቢ የለም። ታዲያ ለምን እነዚህን ቤቶች ብቻ መረጥክ?" አለው።

እስቲ እናንተ መልሱለት። የእውነቱ መልስ፣ "ሌላው ሁሉ ሲዘጋብኝ የከፈቱልኝ ወንድሞቼና እህቶቼ ስለሆኑ ነው" የሚል ነው። ይህን ካለ ሁሉንም በስማቸው አሳልፎ ሰጠ። ዝም ካለም ዝምታው ያው መልስ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ተረት እዚያ ክፍል ውስጥ አልሠራም። ወንድሜ በዕድሜው ሁሉ የሞተች ዝንብ እንኳ አብዝቶ ያልቆጠረ ሰው፣ ተቀምጦ ውሸት ፈጠረ። በዛፋቸው ብቻ ነው የመረጥኳቸው አለ። አንፈልግም ሲሉኝ የመንግሥት ትእዛዝ ነው ብዬ አስፈራርቼ ነው የሰቀልኩት አለ። የምን ሃይማኖት እንደሆኑ አላውቅም፣ ሰዎቹንም አላውቃቸውም አለ።

መርማሪው ሞኝ አልነበረም። አንድ በአንድ እያስገባ ፊት ለፊት አቆማቸው። ገለታ ገባ። ዳኜን ወደዚያ እምነት ያመጣው፣ ሠርጉ ላይ ሚዜ የሆነው ገለታ። "ይህን ታውቀዋለህ?" "ግቢው ውስጥ ኮክ ያለው ሰው ነው። ሌላ አላውቀውም።" እንዲህ እያለ ሁሉንም ካደ። የሺሀረግን ሚስቴ ናት፣ ጥጥ ፈትላ የምታድር ናት አለ። ሲክድ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ገለታ ይህን አይቷል።

እትዬ ሳቢት መጨረሻ ገቡ። "ይህችን ሴትዮስ?" ቢለው፣ "አላውቃቸውም" አለ። እትዬ ሳቢት በደከመ ዓይናቸው ድምፁ ወዳለበት ዞረው፣ "ዳኜ ልጄ፣ እኔን ባታውቀኝም ግድ የለም፤ እሱን አታውቀውም እንዳትል" አሉት። ከዚያ ሳይጠየቁ ስለ ራሳቸው ተናገሩ። አምናለሁ፣ በቤቴም ጸልያለሁ አሉ። የሌላ ሰው ስም አልጠሩም።

ዳኜ ይህን ሲነግረኝ ነው የተሰበረው። ግርፋቱን ሲናገር ዓይኑ ደረቅ ነበር።

ከታሰሩት ሁሉ ቀድሞ የወጣው እሱ ሆነ። ለምን ወጣ? ቆላ ካለው እርሻ ክንፏ ያልተለመደ ዝንብ ተገኘች ተብሎ መሥሪያ ቤቱ ተረበሸ፤ የሚለይ ሰው ስለፈለጉ አለቃው ዋስ ሆኖ አስፈታው። ወንድሜ በእግሩ ቢወጣ ምን ነበረበት? በመንግሥት ላንድሮቨር፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ፣ ለእስረኛ ስንቅ ሊያቀብሉ በተሰለፉት የገለታ ሚስትና የሌሎቹ እናቶች ፊት አለፈ። እኔም ሰልፉ ውስጥ ነበርኩ፤ ደስ ብሎኝ እልል አልኩ። አብሮኝ እልል ያለ ሰው የለም። ዘወር ብዬ ፊታቸውን ሳይ እልልታዬ አፌ ላይ ቀረ። ዝንቧ ደግሞ ድሮም የነበረችው የኛዋ ሆና ተገኘች።

ሌሎቹ ሁለተኛ አንሰበሰብም ብለው እየፈረሙ በየጊዜው ተፈቱ። ዳኜ እንደሚያውቃቸው አንድም ማስረጃ ስላልተገኘ ነው የተፈቱት፤ ይህን የምለው እኔ ብቻ ነኝ። እትዬ ሳቢት አልፈርምም ብለው ቀሩ። የጥቅምት ብርድ ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ እዚያው ሞቱ።

በቀብራቸው ቀን ዳኜ ጥቁር ለብሶ ሄደ። ሬሳውን ለመሸከም ተራው ደርሶ ትከሻውን ሲያስጠጋ ገለታ ቀስ ብሎ መሀል ገባ። "ወንድም ዳኜ፣ ሌላ ሰው ይያዝልን" አለው። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ዳኜ ወደ ኋላ ሄዶ ከሰዉ ርቆ ቆመ። በማግስቱ ሲነሳ ጠርሙሶቹ ሁሉ ከየቤቱ ተመልሰው በሩ ላይ ተደርድረው አገኘ።

እኔ እንደሱ አንገት ደፍቼ የምቀር ሰው አይደለሁም። ገለታን ሽሮ ሜዳ ላይ አግኝቼ ኮቱን ጨምድጄ ያዝኩት።

"አላውቃቸውም ያለው እናንተን ለማስፈታት ነው! ይህ እንዴት ይጠፋሃል?"

"እትዬ አጸደ፣ እርስዎ እህቱ ነዎት፤ ይረዱኛል" አለኝ። "ማን ቤት እንደሚሰቀል የመረጠው ማነው? እሱ። ከመንገድ እንዲታይ ቢጫ የቀባው ማነው? እሱ። ቀድሞ የወጣው ማነው? እሱ። ለማስፈታት ካደን እንበል። ማን አሳሰረን?"

"ዝንቧ ቢጫ ስለምትወድ እኮ ነው!"

ሰዉ ሳቀ። ገለታ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እሱም ወዳጁን ነው ያጣው። ኮቱን ለቀቅሁት። ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ መደቤ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ክረምት ኮክ ያለው ግቢ ሁሉ ጠርሙስ ይሰቀልበት የሚል ትእዛዝ ለቀበሌው ወረደ። ጌጡ ከሰዎቹ ጋር በየቤቱ እየዞረ አሰቀለ። እማማ ፀሐዬ ሰቀሉ፣ አቶ ተክለ ሃይማኖትም ሰቀሉ። ለዳኜ ልመና ያልተከፈተ በር ለጠመንጃ ወለል ብሎ ተከፈተ። ጌጡ እኔ ቤት ሲደርስ ቢጫውን ክዳን አውርጄ መንገድ ላይ ወረወርኩት። አንስቶ መልሶ ሰቀለው። ዳኜ ተመኝቶት የማያውቀውን ያህል ጠርሙስ እየዞረ ቆጠረ። ሰዉ ሰላም ይለዋል፤ ፍርሃት እንጂ ሰላምታ አልነበረም። የመንግሥት ጆሮ ነው ይሉታል ከኋላው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይህን ተረት የተረተው ሰው ቢገኝልኝ የምጠይቀው አለኝ። ሰባ ስድስት አለፈ፣ ሰባ ሰባት ከነረሃቡ አለፈ፣ ሰባ ስምንት ሄደ። የጠራ ነገር አላየሁም።

የሺሀረግ ከእስር ስትወጣ ከስታ፣ ፀጉሯ ሳስቶ ነበር። የመጣች ቀን አጥቤ፣ አብልቼ፣ እሱ ፊት አስቀመጥኳት። ትኩር ብላ አየችውና አንድ ጥያቄ ጠየቀችው።

"ዳኜ፣ ዝንብ ነበር?"

"ዝንብ ነበር" አላት።

"አምንሃለሁ" አለችው። እጁንም ያዘችው። በኔ ቤት ነገሩ አለቀ ብዬ አለቀስኩ።

አላለቀም። ጉባኤው ከጊዜ በኋላ ሌላ ቤት ሆኖ እንደገና ተጀመረ። የሺሀረግን ጠሯት። እሱን ግን አልጠሩትም፤ እሱ ባለበት አንመጣም አሏት፤ ቦታውንም ለሱ እንዳትነግሪ ብለው ቃል አስገቧት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት።

"ምን ዓይነት ሚስት ነሽ አንቺ?" ብዬ ጮኽኩባት። "ካመንሽው ለምን አትነግሪውም?"

"እኔ አምነዋለሁ እትዬ። ቃሌን የሰጠሁት ግን ለነሱ ነው። አንዷ እናቷ እስር ቤት የሞተችባት ናት። ምን ብዬ ልንገራት?"

የእትዬ ሳቢት ልጅ ማለቷ ነው።

በሰባ ዘጠኝ ሰኔ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ዝናብ ነበር። የሺሀረግ ነጠላዋን ተከናንባ ልትወጣ ስትል ደረስኩ።

"ወዴት ነው?" አልኳት።

"ገበያ" አለችኝ፣ ዓይኗን ሰብራ።

ዳኜ ከተቀመጠበት ተነሳ። "ዝናብ ነው፣ ልሸኝሽ" ብሎ ጥላውን ያዘ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ሰዓት ምን ገበያ እንዳለ አልጠየቃትም። ለካ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሸኛት። እኔም ወደ ቤቴ የምሄድ መስዬ ተከተልኳቸው። ጥላውን ለሷ አድልቶ ይዞላታል፤ የሱ ግማሽ ትከሻ ርሷል። ስለ ሽንኩርትና ስለ ጎረቤት ጤና ያወራሉ። መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት፣ አንዱ ወደ ቁስቋም ከሚወጣበት፣ ሌላው ወደ ቀጨኔ ከሚወርድበት ስንደርስ፣ ቆም ብሎ ጥላውን አስጨበጣት። "በሰላም ግቢ" አላት። ከዚያ ወዲያው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ወደኔ መጣ።

መንገዱን ዘጋሁበት። "ዞር ብለህ እንኳ ወዴት እንደታጠፈች አታይም?"

"አላይም እትዬ።"

"ለምን? ሚስትህ አይደለችም?"

"አንድ ቀን ቢያዙ" አለኝ፣ "እሷ እንኳ እኔ እንዳልሆንኩ እንድታውቅ ነው።"

ከኋላችን የሺሀረግ ጭቃውን እየረገጠች ስትሄድ ኮቴዋ ይሰማ ነበር። እኔም አልዞርኩም። የረጠበውን ክንዱን ያዝኩና አብረን ቁልቁል ወረድን።